የድሮ ሪሲቨርና ስፒከር ሳይቃጠሉ እንዴት ይገናኛሉ (ደረጃ በደረጃ)

"ከአሜሪካ የመጣልኝ የድሮ ፓዮነር አለኝ፣ ምን ስፒከር ልግጠምለት?" "የመኪና ስፒከር ሳጥን አሰርቼ ብሰካበት ችግር አለው?" "ስፒከሬ 100 ዋት ነው ሪሲቨሩ 40፣ ይሆናል?" እነዚህ ጥያቄዎች ቃላቸው እየተቀያየረ ሁሌ ይመጡልኛል፣ ስለዚህ ለሁሉም እዚሁ በአንዴ ልመልስ። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፣ ራዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ የያዘውን፣ ፊቱ ላይ ትልቅ የቮልዩም ቁልፍ ያለውን በፈረንጆቹ የ1970ዎቹና የ80ዎቹን ከባድ ዕቃ ነው። ፓዮነር፣ ሳንሱይ፣ ኬንዉድ፣ ማራንዝ፣ ቴክኒክስ ምናምን የሚባሉትን።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ዋቱን ነው፣ ሪሲቨሩን የሚገድለው ግን ኦሙ ነው፣ ኦም ማለት ስፒከሩ ለከረንት ያለው ተቃውሞ ነው። የስፒከሩ ኦም ባነሰ ቁጥር ከሪሲቨሩ ብዙ ከረንት ይስባል። በቁጥር እንየው፣ 40 ዋት የሚሰጥ ሪሲቨር ሙሉ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ወደ 18 ቮልት ያወጣል። 8 ኦም ስፒከር ከዛ ላይ 2.25 አምፒር ይወስዳል፣ 4 ኦም ከሆነ 4.5፣ 2 ኦም ከሆነ 9 አምፒር! ቮልዩሙ እዛው ሆኖ ማለት ነው። የአሁን ዘመን ዕቃ ይሄ ሲመጣበት አብዛኛው ራሱን ያጠፋል፣ የድሮው ግን መከላከያው ወይ የለም ወይ አርጅቷል፣ ዝም ብሎ እየጋለ ይቆይና የመውጫው ትራንዚስተር ይሄዳል፣ እሱ ሲሄድ ደሞ ብዙ ጊዜ ስፒከሩንም ይዞት ይሄዳል።

የሚያስፈልጋችሁ

- መልቲሜትር (ኦምና ቮልት መለኪያው)፣ ርካሹ ዲጂታል ይበቃል
- አንድ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ
- ባለ ሁለት መስመር ተጣጣፊ የመዳብ ገመድ፣ ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር (ርቀቱ ብዙ ከሆነ 2.5)
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ
- ኮንታክት ክሊነር፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማጽጃው ስፕሬይ
- ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር (220ውን ዝቅ የሚያደርገው)፣ ሪሲቨሩ ባለ 100፣ 110 ወይም 120 ቮልት ከሆነ ብቻ
- ወረቀትና እስክሪፕቶ

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ያለው ስራ በሙሉ ከውጪ ነው የሚሰራው፣ የሪሲቨሩን ክዳን መክፈት አያስፈልግም። ውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። እሱን ለባለሙያ ተዉት።

1. መጀመሪያ የመብራቱን ቮልት አረጋግጡ

ስፒከር ምናምን ከማለታችሁ በፊት የሪሲቨሩን ጀርባ እዩ። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ የጃፓን አገር ውስጥ ዕቃ ደሞ 100 ቮልት። ባለ 120ውን በቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ስለ ስፒከር ማውራታችን እዛው ያበቃል። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አላቸው፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ወደ 220 አዙሩት (ያለው 240 ብቻ ከሆነ እሱም ይሰራል)። ፊውዙንም እዩ፣ ለ120 የተቀመጠው ፊውዝ ለ220 ሲሆን አምፒሩ ወደ ግማሹ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ለየቮልቱ ስንት እንደሆነ ተጽፏል።

መምረጫ ከሌለው ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር የግድ ነው። መጠኑን ስትገዙ ሪሲቨሩ ላይ የተጻፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ውሰዱና አንድ ተኩል ወይም እጥፍ አድርጉት፣ 200 ዋት ከሚል ከ300 እስከ 400 ዋት ያለው። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሰራ ዕቃ በ50 ኸርዝ ሲሰራ ከለመደው ትንሽ ይሞቃል፣ አየር ማግኘቱ ላይ በደንብ አስቡበት። በነገራችን ላይ የጃፓን አገር ውስጥ ሪሲቨር ኤፍኤሙ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ፋና 98.1ም ሸገር 102.1ም አይገቡለትም፣ ለራዲዮ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት እወቁት።

2. የሪሲቨሩን ጀርባ አንብቡና ጻፉት

የስፒከር መሰኪያዎቹ አጠገብ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ቀጥላ የፈረስ ኮቴ የመሰለች የግሪክ ፊደል ታያላችሁ፣ እሷ ናት ኦም ማለት። ብዙዎቹ ሁለት መስመር ይጽፋሉ፣ አንዱ ኤ ወይም ቢ (የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጥንድ ስፒከር መሰኪያዎች) ለብቻው ሲሰራ (ለምሳሌ ከ4 እስከ 16 ኦም)፣ ሌላው ኤ እና ቢ አንድ ላይ ሲሰሩ (ለምሳሌ ከ8 እስከ 16 ኦም)። አንዳንዱ ደሞ 8 ኦም ብቻ ይላል። ትንሹን ቁጥር አክብቡበት፣ ከሱ በታች አትወርዱም፣ ወደ ላይ ግን ችግር የለውም። 16 ኦም ስፒከር ብትሰኩበት ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ የሚጎዳ ነገር የለም።

ጽሁፉ ከጠፋ ወይም ከተፋቀ 8 ኦም ነው ብላችሁ ያዙት።

3. የስፒከሩን ኦም ለኩ

ጀርባው ላይ ከተጻፈ ጥሩ፣ ግን ሳጥኑ የአንድ ድርጅት፣ ውስጡ የገባው ስፒከር ሌላ የሆነበት ብዙ ነው፣ በተለይ መርካቶ ተጠግኖ ወይም ተቀይሮለት የመጣ ከሆነ። ስለዚህ ለኩት። ስፒከሩ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ መልቲሜትሩን ኦም ላይ፣ ትንሹ መጠን (200) ላይ አድርጉ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩና የሚያሳየውን ትንሽ ቁጥር ያዙት፣ ከዛ ስፒከሩን ለክታችሁ ያንን ቀንሱ።

የሚመጣው ቁጥር ከተጻፈው ያንሳል፣ አትደንግጡ። መልቲሜትሩ የሚለካው የኮይሉን፣ ማለትም ስፒከሩ ውስጥ የተጠመጠመውን ሽቦ ብቻ ነው፣ የተጻፈው ኦም ግን ሙዚቃ ሲያልፍበት የሚኖረው ነው።

- ከ5.5 እስከ 7 ገደማ ካሳየ፣ 8 ኦም ስፒከር ነው
- ከ4 እስከ 5.5 ገደማ፣ 6 ኦም
- ከ3 እስከ 4 ገደማ፣ 4 ኦም
- ከ2 በታች ከሆነ አትሰኩት፣ ወይ ኮይሉ ተነካክቷል ወይ ውስጡ ብዙ ስፒከር ፓራለል (ጎን ለጎን፣ ደረጃ 4 ላይ እናየዋለን) ተያይዟል
- ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተበጥሷል ወይም ሽቦው ተላቋል

ሁለቱንም ለኩ፣ ግራና ቀኙ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ 6.2 ሌላው 3.5 ካሳየ አንደኛው ተቀይሯል ማለት ነው።

የመኪና ስፒከር የምትጠቀሙ ልብ በሉ፣ የመኪና ስፒከር ባብዛኛው 4 ኦም ነው፣ አንዳንዱ ከዛም ያንሳል፣ ምክንያቱም መኪና ያለው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ በዛች ቮልት ጉልበት ለማውጣት ኦሙን ዝቅ ያደርጉታል። የቤት ሪሲቨር ግን ለዛ አልተሰራም። በጃፓንና በቻይና ሚኒ ስቲሪዮ የሚመጡት ስፒከሮች ደሞ ብዙዎቹ 6 ኦም ናቸው፣ 4 እና 3 የሆኑም አሉ።

4. ሂሳቡን ስሩ

ይሄ ዋናው ደረጃ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት።

በአንድ መሰኪያ ላይ አንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ ሂሳብ የለውም፣ የስፒከሩ ኦም ከሪሲቨሩ ትንሽ ቁጥር እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ በቃ። ትንሽ ማለፍ የሚቻለው አንድ ቦታ ነው፣ 8 ኦም ብቻ የሚል ሪሲቨር ላይ 6 ኦም ስፒከር አንድ ጥንድ በመካከለኛ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ ሙቀቱን እየተከታተላችሁ ግን። 4 ኦም ከሆነ አይሆንም።

ሁለት ስፒከር በአንድ ቻናል (በግራው ወይም በቀኙ) ላይ ስትጨምሩ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ አድርጋችሁ ሁለቱንም አንድ መሰኪያ ላይ ካስገባችሁ ፓራለል ይባላል፣ ኦሙም ይወርዳል። ሁለቱን አባዙ፣ ከዛ በድምራቸው አካፍሉ፦

- 8 እና 8 ፓራለል 4 ይሆናል
- 6 እና 6፣ 3
- 8 እና 4፣ 2.7 ገደማ
- 4 እና 4፣ 2

ኤ እና ቢ የሚለውን ቁልፍ አንድ ላይ መጫንም አብዛኛው ሪሲቨር ላይ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ ለዛ ነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሩ 8 ኦም እና ከዚያ በላይ ብሎ የሚጽፈው። ሁለት የተለያየ ክፍል ስፒከር ዘርግታችሁ ሁለቱንም ቁልፍ የምትጫኑ ከሆነ አራቱም ስፒከሮች ባለ 8 መሆን አለባቸው። አንዳንድ ሪሲቨሮች ግን ኤ እና ቢን በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው ቀጥሎ) ነው የሚያያይዙት። መለየት ቀላል ነው፣ ኤ ላይ ብቻ ስፒከር ሰክታችሁ ቢን ባዶ ተዉትና ሁለቱንም ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ ከጠፋ ሲሪየስ ነው፣ ከቀጠለ ፓራለል።

ሪሲቨራችሁ 8 ኦም የሚል ሆኖ 4 ኦም ስፒከር ብቻ ላላችሁ መፍትሄው ሲሪየስ ነው። በአንድ ቻናል ሁለት አንድ አይነት ባለ 4 ስፒከር ውሰዱ፣ የሪሲቨሩን ፕላስ ለአንደኛው ስፒከር ፕላስ፣ የአንደኛውን ማይነስ ለሁለተኛው ፕላስ፣ የሁለተኛውን ማይነስ ወደ ሪሲቨሩ ማይነስ። 4 ሲደመር 4 ስምንት ይሆናል፣ ሪሲቨሩም በሰላም ይሰራል። ሁለቱ የግድ አንድ አይነት ይሁኑ፣ የተለያዩ ከሆኑ ጉልበቱን እኩል አይካፈሉትም፣ ድምፁም ይዛባል። ካያያዛችሁ በኋላ ሪሲቨሩ ላይ ከመስካታችሁ በፊት የገመዱን ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር ለኩት፣ ከ6 እስከ 8 ካሳየ ልክ ናችሁ፣ 2 አካባቢ ካሳየ ፓራለል አድርጋችሁታል።

አንዳንድ ሰው ሬዚስተር ጨምሬበት ኦሙን ላሳድገው ይላል። ሪሲቨሩን ያድነዋል፣ ግን ጉልበቱ ግማሹ ሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ባሱም ይልፈሰፈሳል። እኔ አልመክርም።

5. አሁን ወደ ዋት

የስፒከር ዋት ማለት ሳይቃጠል የሚችለው ነው እንጂ የግድ የሚፈልገው አይደለም። 100 ዋት ስፒከር 40 ዋት ሪሲቨር ላይ በደንብ ይሰራል። በአጠቃላይ የስፒከሩ ትክክለኛ ዋት ከሪሲቨሩ እኩል እስከ እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው።

ትክክለኛ ያልኩት ፒኤምፒኦ የሚባለውን ውሸት ስለማውቀው ነው። ሳጥኑ ላይ 3000 ዋት ፒኤምፒኦ የሚል ካያችሁ እርሱት፣ መለኪያ የሌለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ፣ እሱ ነው በተከታታይ የሚችለው ዋት። ከሌለ ስፒከሩ የመጣበትን ዕቃ ጀርባ እዩ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታው 60 ዋት ከሆነ ለስፒከሮቹ በተከታታይ ከዛ በላይ ሊሰጥ አይችልም፣ ስፒከሮቹም የተሰሩት ለዛው ያህል ነው።

ሌላው ዲቢ የሚባለው ነው፣ ስፒከሩ በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ። 3 ዲቢ ልዩነት የጉልበቱን እጥፍ ያህል ነው፣ 91 ዲቢ ስፒከር በ10 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 85 ዲቢ የሆነው ለመስጠት 40 ዋት ይፈልጋል። የድሮ ሪሲቨር 20 እና 30 ዋት ብቻ ያለው ብዙ ስለሆነ ከ88 ወይም ከ90 ዲቢ በላይ የሆነ ስፒከር ብታገኙ ሪሲቨሩ ሳይጨነቅ ቤት ይሞላል።

6. ስፒከሩን በእጅና በአይን ፈትሹ

የድሮ ስፒከር ዳሩ ላይ ያለው ስፖንጅ ከዕድሜ ብዛት ይረግፋል። በጣት ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ ከተፈረፈረ መጀመሪያ ይቀየርለት (ጎማ ወይም ጨርቅ ዳር ያላቸው ይሄ ችግር እምብዛም የለባቸውም)። ቀጥሎ የመሀሉን ወረቀት በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል ተጭናችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ክርር የሚል ድምፅ ካሰማ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ከተሰራ ሽቦው ተልጦ ይነካካል፣ ኦሙ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ደሞ ሪሲቨሩ ነው። ትዊተሩን (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ግን በጣት አትንኩት፣ ስስ ነው፣ ይጎደጉዳል።

7. ሪሲቨሩ ዲሲ እንደማያወጣ ለኩ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስፒከር የሚያድነው ግን ይሄ ነው። ጤነኛ ሪሲቨር ሙዚቃ በሌለበት ስፒከር መሰኪያው ላይ ምንም ቮልት አያወጣም ማለት ይቻላል። የታመመ ግን ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከረንት) ያወጣል፣ ዲሲ ደሞ ኮይሉን አንድ ቦታ ላይ ገትሮ ይዞ ያግለዋል፣ ድምፅ ስለሌለው ጭሱ እስኪመጣ አታውቁትም።

ስፒከር ሳትሰኩ፣ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ፣ የኤ ቁልፍ ተጭኖ አብሩት። ብዙዎቹ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ውስጣቸው "ቀጭ" የሚል ሪሌይ (ስፒከሩን በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ስዊች) አላቸው፣ እሱ ካልጮኸ መከላከያው ችግር አይቶ ይሆናል፣ ባለሙያ ይየው። አምስት ደቂቃ ያህል ይሙቅ፣ ከዛ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ (መጀመሪያ 20፣ ከዛ ወደ ትንሹ) አድርጋችሁ የግራውን ቀይና ጥቁር፣ ቀጥሎ የቀኙን ለኩ። የመልቲሜትሩ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ ቀይና ጥቁሩን አገናኝታችሁ ሾርት ካደረጋችሁ በአንድ አፍታ ሊያቃጥለው ይችላል።

- ከ50 ሚሊቮልት በታች፣ ጥሩ ነው
- ከ50 እስከ 100፣ ይሰራል፣ ግን ሲመቻችሁ ይስተካከል
- ከ100 በላይ፣ ሳይጠገን ጥሩ ስፒከር አትሰኩበት
- አንድ ቮልትና ከዛ በላይ ከሆነ ወዲያው አጥፉት

8. ገመድ

ቀጭን የስልክ ሽቦ አይሆንም። የገመዱ የራሱ ተቃውሞ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ 1.5 ገመድ ደርሶ መልስ 0.23 ኦም ገደማ አለው፣ ለ8 ኦም ስፒከር በቂ ነው። ለ4 ኦም ከሆነ ወይም ከዛ የራቀ ከሆነ 2.5 ያዙ። ውድ ገመድ አያስፈልጋችሁም፣ ንጹህ መዳብ መሆኑን ግን እዩ፣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም አለ፣ ጫፉን በምላጭ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ነው።

ጫፉን አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ላጡት፣ ቃጫዎቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙ። ከቃጫዎቹ አንዷ ፀጉር የምታክል ወጥታ ጎረቤቱን መሰኪያ ከነካች ሾርት ነው፣ የድሮ ሪሲቨር መሰኪያዎች ደሞ በጣም የተጠጋጉ ናቸው። መሰኪያዎቹ ከጠቆሩ ኮንታክት ክሊነር ነፍታችሁ በጨርቅ ጥረጉ።

9. ማገናኘት

ሪሲቨሩ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን፣ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ስፒከሩ ላይ ምልክት ከሌለ የባትሪ ድንጋዩን ለአፍታ ብቻ ነካ አድርጉበትና ትልቁን ስፒከር እዩ፣ ወደ ውጪ ከተገፋ የድንጋዩ ፕላስ ያለበት ጫፍ የስፒከሩም ፕላስ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል። አንዱ ስፒከር ተገላብጦ ሲሰካ ምንም አይቃጠልም፣ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሀል ላይ መሆኑ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም።

የግራና የቀኝ ማይነስን አንድ ላይ አታያይዙ። የስፒከር ገመድን ከሪሲቨሩ ብረት አካል ጋርም አታገናኙ፣ አንዳንዱ ሪሲቨር ማይነሱ ከአካሉ ጋር አንድ አይደለም።

10. የመጀመሪያው ማብራት

ቮልዩም ዜሮ፣ ባስና ትሬብል መሀል ላይ፣ ላውድነስ (በዝቅተኛ ድምፅ ባሱን የሚያጎላው ቁልፍ) ይጥፋ። አብሩት፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ በትንሹ ክፈቱ። በዝቅተኛ ድምፅ ለግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቱትና ክዳኑን በመዳፍ ንኩት። ሞቅ ማለት ጤና ነው፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን አጥፉና ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ቮልዩም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ሪሲቨር ኦክስ መግቢያው (ሌላ ማጫወቻ የሚሰካበት) ብዙ ጊዜ በ150 ሚሊቮልት ሙሉ ጉልበቱን እንዲያወጣ ነው የተሰራው፣ ሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ ግን እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ስለዚህ ቁልፉ ግማሽ ሳይደርስ ሪሲቨሩ ጨርሷል፣ ከዛ በላይ ስታዞሩት የሚጨምረው መሻከሩ ነው። የሻከረ ድምፅ ትዊተር ይገድላል፣ 100 ዋት ስፒከር በ30 ዋት ሪሲቨር የሚቃጠለውም በዚህ ነው። ድምፁ መሻከር ሲጀምር መልሱት። ባሱንም ሙሉ አታዙሩት፣ 10 ዲቢ ባስ ስትጨምሩ እዛ ላይ ሪሲቨሩን 10 እጥፍ ጉልበት ነው የምትጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሪሲቨሩ ላይ ዳንቴል ማልበስ። ቤት ማሳመር ነው አውቃለሁ፣ ግን ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀቱ የሚወጣባቸው ናቸው፣ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ከላይ ይኑረው፣ ዲኮደርም አትጫኑበት።

ፊውዝ ሲቃጠል ሽቦ ወይም የሲጋራ ወርቅ ወረቀት መጠቅለል። ፊውዙ የተቃጠለው በምክንያት ነው፣ ያው አምፒር ያለው ቀይሩ፣ ድጋሚ ከሄደ ዕቃው ታሟል።

አንድ ስፒከር ላይ ሁለት አምፕሊፋየር መሰካት። አንዱ ጠፍቶ እንኳ የበራው በጠፋው ውስጥ ከረንት ይልካል። መቀያየር ከፈለጋችሁ የስፒከር መምረጫ ስዊች ግዙ ወይም ነቅላችሁ ሰኩ።

ከአዳራሽ የመጣ ሆርን ስፒከር መሰካት። አንዳንዱ ውስጡ ባለ 70 ወይም 100 ቮልት ትራንስፎርመር አለው፣ ለቤት ሪሲቨር አይሆንም።

መብራት ሲሄድ ሪሲቨሩን እንደበራ መተው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ሊዘል ይችላል፣ ቮልዩሙም ክፍት ከሆነ ያ ምት ስፒከሩ ላይ ያርፋል። መብራት እንደሄደ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ ቁልፉን አጥፉ፣ ሲመጣ ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ አብሩ። ሰፈራችሁ ቮልት የሚዋዥቅ ከሆነ ስታብላይዘር ያስፈልጋችኋል፣ ስቴፕ ዳውን ያላችሁ ደሞ ስታብላይዘሩን ከሱ በፊት፣ በ220ው በኩል አድርጉት።